የተጠቃሚው ስልክ ባዶ አይደለም

እንደምን አመሻችሁ። አንድሮይድ ላይ የምትሠሩ ሁሉ ሩምን፣ አፕ ዳታውን ስልኩ ላይ የሚያስቀምጥበትን ላይብረሪ፣ ታውቁታላችሁ፤ ስለ አጠቃቀሙ አላደክማችሁም። የማወራው ኮዱ በትክክል መሥራቱን ስለሚፈትሸው ቴስት ነው፣ ያውም ከራሴ ጥፋት ተነስቼ።

የዕቁብ መመዝገቢያ አፕ ሠርቼ ነበር። ቴስቶቼ በሙሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ሁሉም አልፈዋል። እያንዳንዱ ቴስት ሚሞሪ ላይ ብቻ የሚኖር ዳታቤዝ ይከፍታል፣ ሁለት ሦስት አባል ያስገባል፣ አንብቦ ይዘጋል። አንድ ቀን የአባላቱ ሰንጠረዥ ላይ የስልክ ቁጥር ጨመርኩና የዳታቤዙን ስሪት ከ3 ወደ 4 አሳድጌ ለቀቅሁት። በማግስቱ አንዲት የዕቁብ ዳኛ ደወሉ፦ «ልጄ፣ ሰዎቼ የት ገቡ?»

ለካ «ማይግሬሽን ካጣህ ያለውን አጥፍተህ እንደ አዲስ ጀምር» የምትለዋን መስመር ገና ስጀምር ጽፌ ረስቻታለሁ። ማይግሬሽን የድሮውን ዳታ ወደ አዲሱ ስሪት የሚያሻግረው ኮድ ነው። መስመሯ ባትኖር አፑ ሲከፈት ይወድቅ ነበር። በወደቀ! ዳታው በተረፈ። ሚሞሪ ላይ ያለው ዳታቤዝ ደግሞ ሁልጊዜ ባዶውን ስለሚወለድ፣ ይህን ጉድ የሚያይበት መንገድ የለውም።

እንግዲህ መጀመሪያ ሩም የየስሪቱን ስኪማ፣ ማለትም የሰንጠረዦቹን ቅርጽ፣ በጄሶን ፋይል እንዲያወጣ አድርጉ፤ ፋይሎቹም ከኮዱ ጋር የኮዱን ታሪክ በሚይዘው ጊት ውስጥ ይግቡ። ከዚያ ማይግሬሽን ቴስት ሄልፐር በሚባለው የሩም መሣሪያ ስሪት 3ን ክፈቱ፣ አባላቱን በራሱ በዳታቤዙ ቋንቋ፣ በጥሬ ኤስኪውኤል፣ አስገቡ። ከሰንጠረዡ የሚያነብላችሁንና የሚጽፍላችሁን የሩም ክፍል፣ ዳኦውን፣ አትጠቀሙ፤ እሱ የሚያውቀው አዲሱን ቅርጽ ብቻ ነው። ዝጉት፣ ወደ 4 አሻግሩት። ሄልፐሩ የሚያረጋግጠው የሰንጠረዡን ቅርጽ ነው እንጂ ውስጡ ያሉትን ሰዎች አይቆጥርላችሁም። ቆጠራው የእናንተ ነው።

ስታስገቡም «ኃይሉ»ንም «ሀይሉ»ንም አስገቡ። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ሩም ከሥሩ ለሚጠቀምበት ዳታቤዝ፣ ለኤስኪውኤላይት ግን፣ ሁለት ሰው። ፍለጋችሁ የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው።

ቴስቱን የምታስኬዱበት ኢሙሌተርም፣ ኮምፒውተር ላይ ያለው አስመሳይ ስልክ፣ አዲስ ብቻ አይሁን። «ካለ አድሰው፣ ከሌለ አስገባው» የሚለው የኤስኪውኤላይት ትእዛዝ የመጣው በ2018 በወጣው ስሪት 3.24 ነው። አንድሮይድ 11 የያዘው 3.28 ስለሆነ ይሠራል፤ አንድሮይድ 10 ላይ ያለው 3.22 ግን አያውቀውም፣ አፑ ይወድቃል። በየሰዉ ኪስ ያለው ስልክ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እኚያ እናት፣ ደግነቱ፣ ደብተር ነበራቸው። ሁለት ማታ አጠገባቸው ተቀምጬ ስም በስም መለስነው።

አሁን ኮምፒውተሩን ልክፈት። መጀመሪያ ማይግሬሽኑን ከኮዱ አውጥቼ ቴስቱን አስኬደዋለሁ፤ ሲወድቅ እዩት።