ስለሞቀኝ ነው የሸጥኩት

እሺ... እየቀዳ ነው። እንደተለመደው ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ። የጎረቤት ዶሮ ዛሬ ድምፁ የለም። ታርዶ እንዳይሆን። እሱን ብላችሁ የምታዳምጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አይዟችሁ።

የሥራውን ወሬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ አልችልም። የማክሰኞ ማታው ነገር አለቀቀኝም።

ማታ ማታ ለአለቃዬ፣ ለልጄ ማለቴ ነው፣ ፒኖኪዮን እያነበብኩላት ነው፤ የእንጨቱን ልጅ ታሪክ። ካርቱኑን አይደለም፤ የጣሊያናዊውን ደራሲ የካርሎ ኮሎዲን፣ ዋናውን። ሰዎች፣ ይሄ መጽሐፍ ጉድ ነው! ያ መካሪ ፌንጣ አለ አይደል? ገና 4ኛው ምዕራፍ ላይ ፒኖኪዮ መዶሻ ወርውሮ ይገድለዋል። አለቃዬ "አበደ እንዴ?" ብላ ተነስታ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ማን ያስተኛታል።

ማክሰኞ 8ኛው ምዕራፍ ላይ ደረስን። ጀፔቶ፣ ፒኖኪዮን የሠራው አባቱ፣ ድሃ እንጨት ጠራቢ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው፤ የፊደል መጽሐፍ የለውም። ሽማግሌው የተጣጣፈች ኮቱን ለብሶ እየሮጠ ይወጣል። ሲመለስ መጽሐፉን ይዟል፤ ኮቱ የለም። በሸሚዝ ብቻ ነው። ውጭ በረዶ ይጥላል።

"አባባ፣ ኮትህስ?"

"ሸጥኩት።"

"ለምን?"

"ስለሞቀኝ።"

እዚህ ጋ ድምፄ ጠፋ። አለቃዬ ሳቀች። "በበረዶ ይሞቃል እንዴ? ውሸታም!" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "ታዲያ የሱ አፍንጫ ለምን አላደገም?"

ፒኖኪዮ ሲዋሽ አፍንጫው ማደጉ መጽሐፉ ላይ የሚመጣው ገና 17ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ቀድሜ አንብቤዋለሁ። እሷ ግን ከካርቱኑ ታውቃለች። ምን ልበላት? "ተኚ" አልኳት።

እማ ኩሽና ነበረች። በሩ ክፍት ነው። ኩባያ ታጥባለች። እኔ "ስለሞቀኝ" ስል ውሃው ተዘጋ። አጠባውን ጨርሳ ሊሆን ይችላል። ኩባያው ግን ብዙ ነበር።

ልጆች ሆነን "እኔ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምወደው" ትለን ነበር። አመንን። እንግዳ ሲመጣ እንኳ እኔ ቀድሜ "እማ ስኳር አትወድም" እላለሁ፤ አዋቂ ነኛ! ከዓመታት በኋላ፣ ሥራ ይዤ ቤት ስከራይ፣ መጣች። ሻይ ቀዳሁላት። ሦስት ማንኪያ ጨመረች። ሦስት! "እማ፣ አትወጂም አልነበር?" ስላት፣ "አመሌ ተቀየረ" አለችኝ።

ይህን ስነግራችሁ ሁሌም እስቃለሁ አይደል? ያኔ ግን አልሳቅኩም። ተናደድኩ። ለምን እንደሆነ... አላውቅም። ስለዋሸችኝ አይመስለኝም። ስላመንኳት መሰለኝ። እንጃ።

ኮሎዲ ራሱ ጨካኝ ነው፣ በነገራችን ላይ። ታሪኩ በፈረንጆቹ 1881 የልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ መውጣት ሲጀምር፣ 15ኛው ምዕራፍ ላይ ፒኖኪዮን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ጨረሰው። በቃ! ልጆቹ ይቀጥል ብለው ባይወተውቱ ኖሮ ሰው ሳይሆን ይቀር ነበር። እዚያ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል የሚጠራው አባቱን ነው። "አባባ፣ እዚህ በሆንክ" ይላል። ይሄንን ለአለቃዬ እንዴት እንደማነብላት አላውቅም። ልዘለው ይሆናል። አይ፣ ትነቃብኛለች።

ከሱ በፊት ግን 9ኛው አለ። ነገ ማታ። ፒኖኪዮ ያንን መጽሐፍ፣ ኮት የተሸጠበትን፣ በ4 ሶልዲ፣ በጣሊያን ሳንቲም፣ ይሸጠዋል፤ ለአሮጌ ልብስ ነጋዴ፣ የኛ ቁራሌው ዓይነት። ለምን? የአሻንጉሊት ቲያትር ለማየት! ሽማግሌው ቤት በሸሚዝ ይንቀጠቀጣል።

እኔም አንድ ጊዜ... ተዉት፣ ይሄን ሌላ ቀን።

እማ እስከ እሁድ እዚህ ናት። ነገም ኩሽና ትሆናለች። በሩን ልዝጋው እያልኩ ነበር። ደግሞ ብዘጋው ለምን ዘጋህ ትለኛለች፣ እኔም ስለበረደኝ ልላት...

ቆይ። ዶሮው! ሰማችሁት?