መሰንቆ የግጥም ምንጣፍ አይደለም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፤ ነገር ግን ያለሁት ደሴ ፒያሳ አጠገብ ነውና የባጃጅ ጥሩምባ ሾልኮ ከገባ ችላችሁ ስሙኝ።

ማውራት የፈለግሁት ስለ ግጥምና ሙዚቃ ምሽቶቻችን ነው። ምሽት እንላቸዋለን እንጂ የሚጀምሩት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከኮምቦልቻ የሚመጡት ታዳሚዎች የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው በጊዜ ቤታቸው መግባት አለባቸው። እኛም ብንሆን ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሳይሸፍነው መበተን እንመርጣለን። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያልቅ ምሽት አለን። እንግዳ ሰው ይስቅብናል፤ ይሳቅ።

በእነዚህ ዝግጅቶች ላይ ያልሠራሁት ሥራ የለም ማለት እችላለሁ። በር ላይ ቆሜ ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ሞንታርቦ ተሸክሜ ደረጃ ወጥቻለሁ፤ መድረክ መርቻለሁ፤ ግጥም አንብቤአለሁ፤ ወንበር ደርድሬአለሁ። ከሁሉም የምወደው ወንበር መደርደሩን ነው፤ ምክንያቱን ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ከውጭ ሆኖ የሚተች ሰው እንዳትሉኝ ነው። ቤቱ ቤቴ ነው። የምናገረውም እንደ ቤተሰብ ነው።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ገጣሚዎቻችን ሙዚቃውን አይሰሙትም።

ነገሩን ከምንጩ ልጀምረው። አዲስ አበባ ውስጥ በራስ ሆቴል ይካሄድ የነበረው የጦቢያ ግጥም በጃዝ ለዚህ ዓይነቱ መድረክ ባለውለታ ነው። ሰው ዘፈን ለመስማት እንደሚከፍለው ሁሉ ግጥም ለመስማትም ከኪሱ አውጥቶ እንዲገባ አስለምዷል። ከዚያ ወዲህ በየክልሉ ከተማ ያለን የግጥም ወዳጆች ያንን መልክ ይዘን ተነሣን። እኛም እንደዚያው። ችግሩ የወሰድነው መልኩን ብቻ መሆኑ ነው። ከኋላ አንድ ኪቦርድ ለስለስ ያለ ትዝታ ያነጥፋል፤ ገጣሚው ጫማውን ሳያወልቅ በላዩ ላይ ይራመዳል። ኪቦርድ ለዚህ ምንም አይልም፤ እሺ ባይ መሣሪያ ነው። አንድ ቁልፍ ተጭነህ ብትተወው ራሱን እየደጋገመ ይኖራል።

ከጊዜ በኋላ ግን ኪቦርዱን የሚጫወተው ልጅ ሥራ አግኝቶ ከከተማ ወጣ። በእሱ ምትክ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ባለ መሰንቆ መጡ። ያኔ ነው ጉዳችን የወጣው።

መሰንቆ እሺ ባይ አይደለም። አንድ ጭራ ብቻ ነው ያለው፤ ያውም ከፈረስ ጅራት የተጎነጎነ። ጣት ጭራውን እንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ ከጎኑ ይነካዋል እንጂ። ስለዚህ ተጫዋቹ በእያንዳንዷ ቅጽበት ድምፁን ራሱ መሥራት አለበት፤ ሰው እያወራ እያለ በእጁ ብቻ የሚጫወተው ነገር የለም። በዚያ ላይ ሳጥኑ በቆዳ የተለበጠ ነው፤ ቆዳ ደግሞ ብርድና እርጥበት ይሰማዋል። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጉም ለብሳ የተቀመጠች። በመካከላቸው ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዳገት ለሰው አንድ ጃኬት መደረብ ነው። ለመሰንቆ ግን ቆዳው ይረግባል፤ ድምፁ ይታፈናል።

እኒህ አባት ከኮምቦልቻ ነው የሚመጡት። እንደደረሱ ሰላምታ እንኳን ሳይጨርሱ ወደ ቡና አፍይዋ ይሄዳሉ። ጀበናው የተጣደበት የከሰል ምድጃ አጠገብ በርጩማ ስበው ይቀመጡና መሰንቋቸውን ሕፃን እንደሚያሞቅ ሰው አንዴ በአንድ ፊቱ አንዴ በሌላው ፊቱ ወደ ፍሙ ያዞሩታል። በጣም አያቀርቡትም፤ ቆዳው ከደረቀ ይሰነጠቃል። በየመሀሉ በጥፍራቸው ጠቅ ያደርጉታል። ድምፁ ሲያምራቸው መቃኛውን ትንሽ ያጠብቃሉ፤ ደጋኑን ሙጫ ይቀቡታል፤ ከዚያ ብቻ ነው ዞር ብለው “እንደምን ዋላችሁ” የሚሉት። እኔ ይህን ለማየት ስል በጊዜ እሄዳለሁ።

እንግዲህ አስቡት። እንዲህ ተዘጋጅተው መድረክ ላይ የወጡ ሰው፣ አጠገባቸው የቆመውን ወጣት ገጣሚ በትሕትና “ልጄ፣ በምን ቅኝት ልያዝልህ?” ብለው ይጠይቃሉ።

ወጣቱም “ደስ ያለዎትን ይጫወቱ፤ ብቻ እንዳይጮህ” ይላል።

ይህን መልስ ከአንድ ሰው ብቻ ብሰማው ዝም ባልሁ። ከብዙዎች ሰምቼዋለሁ። የሚገርመኝ ደግሞ የምንኖርበት ቦታ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች (የዜማ ስልቶች)፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ የሠፈራችንን ስም የያዙ ናቸው። አምባሰል ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲኬድ ያለ ተራራና ወረዳ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወርዳ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ከተማ ናት። አምባሰል ሲነሣ ማሪቱ ለገሠ የማትታወሰው ሰው አለ? እሷን እየሰማ ያደገ የወሎ ልጅ አምባሰልን ከአንቺሆዬ ሳይለይ ግጥም በመሰንቆ ላንብብ ሲል ምን ይባላል? “ደስ ያለዎትን” ማለት ትሕትና የሚመስለው ካለ፣ አይደለም፤ የሚጫወቱት ነገር ለእኔ ግድ አይሰጠኝም ማለት ነው። ትዝታ ለናፍቆት ግጥም ይመቻል። አንድ በቁጣ የተሞላ ግጥም በትዝታ ላይ ሲነበብ ግን ቁጣው ልመና ይሆናል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ገጣሚው ይጮሃል፣ ቅኝቱ ያባብለዋል፣ ታዳሚው ማንን እንደሚያምን ይቸገራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ትንፋሽ ነው። አብዛኛው ግጥማችን የሚጻፈው በወል ቤት ነው። አንዱ ስንኝ 6 ቀለም፣ ማለትም 6 ክፍለ ቃል፣ ሄዶ ይታጠፋል፣ ደግሞ 6 ቀለም ሄዶ ቤት ይመታል። ሰንጎ መገን ከሆነ 5 በ5 ነው። መታጠፊያዋ ላይ ትንሽ ክፍተት አለች። የመሰንቆው ቦታ እሷ ናት። አዝማሪ ሲዘፍን ብታስተውሉት ግማሹን ስንኝ ይልና መሰንቆው ይመልስለታል፤ ቀሪውን ይልና ቤቱን ሲመታ መሰንቆው ረዘም አድርጎ ያወጋል። የእኛ ገጣሚ ግን ስልኩን ከፍቶ፣ ዓይኑን መስታወቱ ላይ ተክሎ፣ መታጠፊያውንም ቤቱንም በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል። ባለ መሰንቆው ደጋናቸውን አንሥተው መግቢያ ይጠብቃሉ። መግቢያ የለም። ዝቅ አድርገው አንድ ድምፅ ብቻ ይዘው ይቆያሉ።

በቅርቡ በነበረን ዝግጅት ላይ ልክ እንዲህ ሆነ። አንድ ወጣት ረጅም ግጥም አነበበ፤ ግጥሙ መጥፎ አልነበረም፤ እንዲያውም ሁለት ሦስት ስንኞቹን ይዤ ቤቴ ሄጃለሁ። ነገር ግን ቀና ብሎ ሰው አላየም። ሲጨርስ ጭብጨባው ደከም ያለ ነበር። ያኔ ከኋላ ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ “እስቲ ተቀበል!” አሉ። ለመሰንቆው መሆኑ ነው። አዳራሹ ዞረ። እርሳቸውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ እንዲህ አሉ፦

ጦሳን ብጣራው ገደል መለሰ፣
ያንተስ ልብ ምነው ከድንጋይ ባሰ።

ባለ መሰንቆው ሁለተኛ አላስደገሙም። 5 በ5 መሆኑን ጆሯቸው ወዲያው ያዘው፤ መታጠፊያው ላይ ገቡ፤ ስንኟን በዜማ አድርገው መለሷት። ሰዉ ተነሣ ብላችሁ አምናችሁ ተቀበሉኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል ያልሞቀው አዳራሽ በአንዲት መንቶ ግጥም ሞቀ። ነገሩ ለፍቅረኛ የተባለ ይመስላል፤ ለማን እንደተባለ ግን ያልገባው አልነበረም። ወጣቱ አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ሁለተኛ ግጥሙን በዚያው ፍጥነት አነበበ። ምን ታደርገዋለህ!

እኒያ እናት የሥነ ጽሑፍ ክበብ አባል አይደሉም። ግጥም አሳትመው አያውቁም። ያወቁት ነገር ግን እዚህ አገር ላይ ያደገ ሰው ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ የሰማው ነው። አያቴ ወዳጃ፣ የዱዓ ስብስብ፣ ስትሄድ አንዳንዴ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ጫቱ ተዘርግቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ዱዓው ተደርጎ መንዙማው ሲጀመር አውራጁ አንዱን ቤት ያወርዳል፤ ተሰብሳቢው አዝማቹን እያጨበጨበ ይቀበላል፤ ድቤው ከሥር ይመታል። አውራጁ ምንም ያህል ድምፀ መረዋ ቢሆን ተቀባዩ ሳይጨርስ ቀጣዩን ቤት አያነሣም። የወሎ ዑለማዎች ያንን ግጥም በዐጀም፣ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ያቆዩት ለዓይን ብቻ ብለው አልነበረም፤ ሰው እንዲቀበለው ነው። ወደ ደብሩም ብትሄዱ ማኅሌቱ ላይ ቀኝና ግራ ተሰልፈው እየተቀባበሉ ነው የሚያዜሙት። ልቅሶ ቤትም ቢሆን አልቃሿ ሙሾዋን አውርዳ ለቀስተኛው እስኪያነባ ትጠብቃለች።

ሙሾን ካነሣሁ አይቀር፤ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መገባደጃ ድረስ ከተማችን በጦርነቱ ውስጥ የቆየችበትን ጊዜ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሙዚየማችን ሳይቀር ተዘርፏል። ወደ መድረክ ስንመለስ ለወራት የተነበበው ሁሉ ያንኑ የሚያለቅስ ነበር። አልፈርድም። ግን ከዚያ ሁሉ ዛሬ ድረስ በጆሮዬ ያለው፣ አንድ አስተማሪ አራት ስንኝ ብቻ ብላ የተቀመጠችበት ቀን ነው። የቀረውን ጊዜ ለዋሽንቱ ተወችለት።

የምትቃወሙኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ወዳጄ “ግጥም ሁሉ እኮ ለመድረክ አይጻፍም፤ ቤት የማይመታውንስ ምን ልታደርገው ነው?” ይለኛል። እውነቱን ነው። ብቻን ተቀምጦ፣ ወደ ኋላ እየተመለሱ፣ እርሳስ ይዘው የሚያነቡት ግጥም አለ። እኔም እንዲያ ያሉትን እወዳለሁ። ለእነዚያ መሰንቆ አያስፈልጋቸውም፤ አለመጥራት ነው። አዳራሹን ጸጥ አድርጎ ማንበብ ምን ነውር አለው? ነውሩ አንድ ባለሙያ ከኮምቦልቻ ድረስ ጠርቶ፣ ዳገት አስወጥቶ፣ ቆዳ አስሙቆ፣ “እንዳይጮህ” ማለት ነው። ቤት የማይመታ ግጥምም ቢሆን ትንፋሽ አለው። ገጣሚው ትንፋሹ የት እንዳለ ካወቀ ቀድሞ ለተጫዋቹ ይንገረው፤ “እዚህ ጋ ዝም እላለሁ፣ እርስዎ ይግቡ” ይበለው። ለዚህ ደግሞ ልምምድ ያስፈልጋል። ልምምድ ስል የሚኮሳተሩ ብዙ ናቸው፤ ገጣሚ አይለማመድም ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም።

የድምፅ ነገርም አለ። ማይክሮፎን በመሰንቆው ቆዳ ፊት ለፊት ከተደቀነ ሞንታርቦው ያፏጫል። ያኔ ድምፅ የሚቆጣጠረው ልጅ የመጀመሪያ መፍትሔው መሰንቆውን መቀነስ ነው። የገጣሚውን ማይክሮፎን የሚቀንስ አይቼ አላውቅም። ማይክሮፎኑን ወደ ጎን ዞር ማድረግና ወደ መድረኩ የሚመለሰውን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ብዙውን ያቃልላል። ወይም ደግሞ እኛ በምንሰበሰብበት ዓይነት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጨርሶ አለማብራት። ቦታችን የወሎ ባህል አምባን የሚያህል አዳራሽ አይደለም። ስድሳ ሰው ከገባ በር ላይ የሚቆም አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ መሰንቆ ያለ ሞንታርቦ ከኋላ ረድፍ ድረስ ይሰማል፤ እኒያ እናት የሰሙት ከዚያ ተቀምጠው አይደል?

ከአዘጋጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋግረናል፤ ሁሉም አልተስማማም፤ አንዳንዱ “ወጣቶቹን ታስበረግጋለህ” ብሎኛል። ቢሆንም ለሚቀጥለው ወር የተስማማንበትን ልንገራችሁ። የሚያነብ ሰው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መጥቶ ከባለ መሰንቆው ጋር አንድ ጊዜ ይሞክራል። ቅኝቱን ራሱ ይመርጣል፤ ቅኝት የማያውቅ ካለ እዚያው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አራቱንም ይሰማና ይመርጣል። ግጥሙን በቃሉ ቢያጠና እሰየው፣ ካልሆነ በወረቀት ይዞ ይምጣ፤ ስልክ በር ላይ ይቀራል የሚለው ሐሳብ ግን ተቃውሞ ስለገጠመው ለጊዜው አልጸደቀም። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የታዳሚው ነው፤ ግጥም ያለው ከተቀመጠበት ሆኖ ይሰጣል፣ መሰንቆው ይቀበላል። እኒያን እናት ሰው ልከን ጠርተናቸዋል፤ “ቡናው ካለ እመጣለሁ” ብለዋል።

ከኮምቦልቻ የምትመጡ፣ በዚያ ቀን ገበያ ስላለ ሚኒባስ ይጠባል፤ ከ6 ሰዓት በፊት መናኸሪያ ድረሱ። ጃኬት ያዙ። ባለ መሰንቆውን መንገድ ላይ ካገኛችኋቸው ደግሞ ከፊት ወንበር ልቀቁላቸው፤ መሰንቋቸውን ጭናቸው ላይ ነው የሚይዙት፣ ኋላ ከተጨናነቁ ቆዳው ይጎዳል። ቸር ሰንብቱ።