የመጣበት ያልተጻፈለት ድንጋይ

(በጅማ ከተማ፣ የቅዳሜ ድንጋይ ሰብሳቢዎች 7ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ድንጋይ የምትሞርዱ ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ከ7 ዓመት በፊት ስንጀምር አራት ነበርን። ቦታችንም ሞተር ከምጠግንበት ሱቅ ጀርባ ያለው ጓሮ ነበር። ዛሬ ወንበር አልበቃንም። ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ በሩ አጠገብ በርጩማ ተደርድሯል። እባካችሁ መጀመሪያ ለእናቶች አቀብሉ። ጅማ ላይ በርጩማ ጠፍቶ እናት ከቆመች ነውር ነው።

አስተባባሪዎቹ «ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ድንጋዮች እንዴት እንደሚሰበሰቡና እንደሚለሰልሱ ንገረን» ብለውኛል። እነግራችኋለሁ። የመጣሁበት ዋና ጉዳይ ግን ከእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር ያለችው ትንሽ ወረቀት ናት። ወደ ጠረጴዛዎቹ ስትሄዱ ታዩዋታላችሁ። የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዴ የያዝኩት ነገር የእሷ ነገር ነው።

ከመጀመሪያው ድንጋይ ልነሳ። ታሪኩን የምታውቁት ታገሱኝ።

ኅዳር 2003 ዓ.ም. ነው። ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለ አንድ የድንጋይ ካባ ጄኔሬተር ልጠግን ተጠራሁ። ሥራዬን ጨርሼ እጄን ስታጠብ፣ አንድ ሠራተኛ ለግንብ የሚሆን ጥቁር ድንጋይ በመዶሻ መታ። ድንጋዩ ለሁለት ተከፈለ። መሀሉ ባዶ ነው። የዶሮ እንቁላል የሚያህል ጉድጓድ አለው። የጉድጓዱ ግድግዳ ዙሪያውን ያብለጨልጫል። አንዱ «ጨው ነው» አለ። ሌላው «ስኳር ነው እንጂ» አለ። ክርክር ተነሳ። በመጨረሻ አንዱ ምላሱን አስነካው። ምንም ጣዕም የለውም። እኔ ተቀብዬ ወደ ፀሐይ አወጣሁት። ጫፍ ጫፉ ላይ ቀለም አለ። የድንች አበባ ዓይነት፣ ፈዛዛ ወይን ጠጅ።

መዶሻ የያዘው ሰውዬ «ውሰደው፣ ለግንብ አይሆንም» ብሎ ሰጠኝ። ቤት ወሰድኩት። ባለቤቴ ረከቦቱ ላይ ከሲኒዎቹ ጎን አስቀመጠችው። ማታ ጎረቤታችን የነበሩ የኬሚስትሪ መምህር ቡና ሊጠጡ መጡ። ድንጋዩን አንስተው ብዙ ጊዜ አዩት። ቡናቸው ቀዘቀዘ። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የት አገኘኸው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ጻፈው» አሉ። «እሺ ነገ እጽፋለሁ» ስላቸው ከሸሚዝ ኪሳቸው እርሳስ አወጡ። ከልጄ ደብተር ቁራጭ ቀደዱ። ቀኑን፣ መንገዱን፣ ካባውን፣ ድንጋዩ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ እንደነበረ፣ ማን እንደሰበረው ጻፉ። አጣጥፈው ጉድጓዱ ውስጥ ከተቱት። ያቺ ወረቀት ዛሬም አለች። ጠረጴዛ አንድ ላይ ነች።

የዚያ ዕለት ማታ መምህሩ ያስረዱኝን ባጭሩ ላካፍላችሁ። ይህ ድንጋይ ኳርትዝ ይባላል። ሲሊከንና ኦክስጅን ነው። ንጹሑ እንደ ውኃ የጠራ ነው። ሲፈጠር ጥቂት ብረት ከገባበትና በአካባቢው ካሉ አለቶች የሚወጣ ጨረር እጅግ ረጅም ዘመን ከመታው ወይን ጠጅ ይሆናል። ያኔ አሜቲስት እንለዋለን። ጉድጓዱስ ከየት መጣ? የእንጀራን ዓይን አስቡ። ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ጋዙ እንደዚያ ዓይን እያበጀ ይወጣል። ሳይወጣ የቀረውም ክፍት ቦታ ይተዋል። ኋላ በዚያ ክፍተት ሲሊካ፣ ማለትም ያንኑ ሲሊከንና ኦክስጅን የተሸከመ ውኃ ይሰርጋል። ግድግዳው ላይ ቀስ በቀስ ኳርትዙ ይበቅላል። በብራዚልና በኡራጓይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ እንዲህ ያለ ዋሻ ይወጣል። የእኛው የእንቁላል ያህል ነው። አሠራሩ ግን ያው ነው።

ስሙም ደስ ይለኛል። እኛ ቀለሙን ወይን ጠጅ እንለዋለን። ግሪኮች ድንጋዩን «የማያሰክር» ብለው ሰየሙት፤ አሜቲስት ማለት ያ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ታገኙታላችሁ። ከከተማይቱ መሠረቶች አሥራ ሁለተኛው አሜቴስጢኖስ ነው።

አሁን ወደ ማለስለሱ። በርሜላችንን ጠረጴዛ አራት ላይ ታዩታላችሁ። ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሞተር፣ ከቺንጋና ክዳን ካለው የቀለም ባልዲ የሠራነው ነው። ውስጡን በከመነዳሪ ጎማ ለብጠነዋል። ድንጋዩን፣ ውኃና ድንጋይ የሚሞርደውን የሲሊከን ካርባይድ ዱቄት ጨምረን ሁለት ሦስተኛውን ያህል እንሞላዋለን። ቀንና ሌሊት ይሽከረከራል። መጀመሪያ ሻካራው ዱቄት፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ ቀጥሎ ደቃቁ፣ በመጨረሻ የመወልወያው ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት ያህል ስጡት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጨምሩበት። በየመሀሉ እጠቡ። በደንብ እጠቡ። ከሻካራው አንዲት ቅንጣት ወደ መወልወያው ካለፈች የወሩ ልፋት በጭረት ያልቃል። በርሜል የሌለው ልጅ በብርጭቆ ወረቀት ይጀምር። ከሻካራው 120 ቁጥር ተነስቶ እስከ ደቃቁ 2000፣ ሁልጊዜ በውኃ።

ሁሉም ወይን ጠጅ ድንጋይ አንድ አይደለም። ሞህስ የተባለው ሰው በ1812 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጥንካሬ መለኪያ አውጥቷል። ቁጥሩ ሲጨምር ጥንካሬው ይጨምራል። በእሱ አሜቲስት 7 ነው። ፍሎራይት የሚባለው ሌላ ድንጋይ 4 ነው። አንድ ጊዜ ከቻይና የመጣ የሚያምር ወይን ጠጅ ፍሎራይት ከአሜቲስቶቹ ጋር በርሜል ውስጥ ከተትን። በሳምንቱ ስንከፍተው አሜቲስቶቹ አሉ፤ ፍሎራይቱ ጭቃ ሆኗል። ከጉጂ፣ ከቀንጢቻ የመጣልን ሌፒዶላይት ደግሞ ሊቲየም ያለበት ሚካ ነው። እንደ ሽንኩርት ቅጠል በንብርብር ይላጣል። እሱን አትሞርዱት። እንዳለ ያምራል። የመጀመሪያውን ድንጋዬንም እስከ ዛሬ አልሞረድኩትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓል ድንጋዮቻችንን እንድናውሰው ጠየቀ። ደስ አለን። ልጆቹ ሌሊት ሁሉ ወለወሉ። 43 ድንጋይ መረጥን። ለ43ቱም አዲስ ወረቀት በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተጻፈ። የት ተገኘ፣ መቼ፣ ማን አገኘው፣ ከምን አለት ውስጥ ወጣ። በጥጥ ጠቅልለን አስረከብን። ፈረምን። የተባለው ሁለት ሳምንት ነው። ጥቅምት ሄደው የካቲት ድረስ ቆዩ። አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። «ነገ ና» ተባልኩ። በአምስተኛው በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው አወጡልኝ። ልብ በሉ፣ በማዳበሪያ! እርስ በርሱ ሲንቋቋ እሰማዋለሁ።

እዚያው ወለሉ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። 43። ሙሉ ነው። ወረቀት የለም። አንድም።

«ወረቀቶቹስ?» አልኩ። «አቧራ ይዘው ስለነበር በጽዳት ጊዜ ተጥለዋል። ድንጋዮቹ ግን አልጎደሉም፤ ፈርመህ ውሰድ» ተባልኩ።

አልጎደሉም! ወገኖቼ፣ እስኪ ከመርካቶው ከሂርማታ የመጣችሁ የቡና ነጋዴዎች ፍረዱኝ። አንድ ሰው የጎማን፣ የጌራን፣ የሊሙን፣ የማናን ቡና ተረክቦ፣ ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ ደባልቆ ቢመልስላችሁና «ኪሎው አልጎደለም» ቢላችሁ ትፈርማላችሁ? ስንት ዓመት ነው የእኛ አገር ቡና ሁሉ «ጅማ 5» እየተባለ በአንድ የደረጃ ስም ባሕር የተሻገረው? ቡናው የበቀለበት ቀበሌ በከረጢቱ ላይ እንዲጻፍ ስንት ሰው ደከመ? ቦታው ሲጻፍ ቡናው ስም አገኘ። ለቡና የገባን ነገር ለድንጋይ እንዴት አይገባንም?

ይህ ብቻ አይደለም። አሜቲስቶቹን የደረደሩት መስኮት ላይ ነበር። የበጋ ፀሐይ፣ አራት ወር ሙሉ። ቀለሙ ከብረትና ከጨረር የመጣ ነው ብያችኋለሁ። ሙቀትና ብርሃን ያንን ቀለም ሊመልሱት ይችላሉ። ከ400 ዲግሪ በላይ ካሞቁት ቢጫ ይሆናል፤ በገበያ ሲትሪን ተብሎ የሚሸጠው ብዙው የተቃጠለ አሜቲስት ነው። ሁሉም እኩል አይገረጣም። የወንድሜ ልጅ ከዛምቢያ ካመጣልን ሁለቱ ግን ገርጥተው ተመለሱ። ዛሬ መጋረጃው ለምን ተዘጋ ያላችሁኝ መልሱ ይኸው ነው።

የገረጣውን እችለዋለሁ። ከዛምቢያ ሌላ ይመጣል። ስለ ወረቀቱ ግን ምን ልሁን? ከልጆቹ ጋር ሦስት ቅዳሜ ተቀምጠን አስታወስን። «ይቺን እኮ እኔ ነኝ ያገኘኋት» እያሉ 26ቱን ለዩ። 17ቱ ቀሩ። ከ17ቱ አንዷን ከጌራ ገጠር በእግራቸው ይዘውልን የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ወንዝ ዳር ሲያርሱ ነው ያገኟት። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጧት። የወንዙን ስም ነግረውን ወረቀቱ ላይ ጽፈነው ነበር። ጭንቅላቴን ደብድቤ ባስብ አልመጣልኝም። እኚያ አባት ደግሞ ዛሬ በሕይወት የሉም። የትኛዋ እንደሆነች እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። የእሳቸው ድንጋይ ከሌሎቹ 16 ጋር ተደባልቃ ቀረች።

ያቺ ወንዝ ያለችበትን የሚያውቅ ሰው ወደ ላይ ተከትሎ ቢሄድ ምን ያገኝ ነበር? የጂኦሎጂ ተማሪ ቢሄድስ? መንገዱ ወረቀቷ ላይ ነበር። ወረቀቷን የጣለ ሰው አቧራ የጠረገ መስሎታል። የጠረገው የአንድን አባት ቃል ነው! ይህን በየትኛውም ቢሮ ፊት ቆሜ እናገራለሁ።

ስለዚህ ልጆች፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ደንብ ይህ ነው። ድንጋዩን ከማጠባችሁ በፊት ጻፉ። በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ ጻፉ፤ እርሳስ በውኃ አይለቅም፣ ፀሐይ አያጠፋውም። ድንጋዩ በማይታይ ጎኑ ላይ ነጭ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጉና ቁጥር ስጡት። ያንኑ ቁጥር ደብተር ላይ ድገሙት። ወረቀቱ ቢጣል ደብተሩ አለ። በርሜል ውስጥ የገባ ድንጋይ ሲወጣ ቅርጹ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከመግባቱ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። ሊዋስ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ድንጋዩንና ወረቀቱን ለየብቻ ቆጥሮ ይፈርም። 43 ድንጋይ፣ 43 ወረቀት። ካልሆነ አናውስም።

ሌላውን በአጭሩ። በደረቁ አትሞርዱ። የኳርትዝ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ውኃና ማስክ ይኑራችሁ። የበርሜሉን ጭቃ ቧንቧ ውስጥ አትድፉ፣ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ከሰው ማሳ ስታነሱ ባለማሳውን አስፈቅዱ። የዋጋ ነገር ለሚጠይቁኝ ደግሞ፣ እኛ የምንሰበስበው ለመሸጥ አይደለም።

ለአዳራሹ፣ ለቡናው፣ ለበርጩማው፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ገለቶማ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከበሩ በስተቀኝ ብቻዋን የቆመች ጠረጴዛ አለች። 17 ድንጋዮች አሉባት። ከሥራቸው ያለው ወረቀት ባዶ ነው። ከጌራ፣ ከጎማ፣ ከማና የመጣችሁ ዘመዶች፣ እባካችሁ ስትወጡ ቆም ብላችሁ እዩአቸው። እኚያን አባት የሚያውቅ፣ ያረሱበትን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እርሳሱ እዚያው ነው።