እጅ የማያገኘው ውሃ
ውሃ የገባባቸውን ቤቶች ስለማድረቅ በሲልቨር ስፕሪንግ ለተሰበሰቡ የቤት ባለቤቶችና ተከራዮች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣

ከሳምንቱ አንዷን የዕረፍት ቀናችሁን ቆርሳችሁ ስለ ውሃ ለመስማት በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ውሃ የገባባቸውን ቤቶች በማድረቅ ሥራ ላይ 14 ዓመት ቆይቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የብዙ ወገኖቻችንን ደጅ አንኳኩቻለሁ፤ ከብዙዎቹም ቤቶች የወጣሁት በአንድ ዓይነት ቁጭት ነው። እነዚያን ቤቶች ያበላሻቸው የገባው ውሃ ብቻ አልነበረም፤ ሳይደርቁ ደርቀዋል ተብለው መተዋቸው ነበር። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ዋና ነገርም ይኸው ነው፤ ውሃ የገባበት ቤት መድረቁ የሚታወቀው በመለኪያ እንጂ በዓይንና በእጅ አይደለም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ከሌላው ሰው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ለብዙ አሜሪካዊ ቤዝመንት፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለው የቤቱ ክፍል፣ የዕቃ ማስቀመጫ ነው። በእኛ ቤት ግን ልጆቿን ልታይ ከአገር ቤት የመጣች እናት የምታርፈው፣ አዲስ የገባ ዘመድ እግሩን እስኪተክል የሚኖረው፣ የቤቱን ወርኃዊ ክፍያ ለማገዝ ለወገን የምናከራየውም እዚያው ነው። ስለዚህ ውሃው የሚገባው ሰው ከሚተኛበት ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2019 በዋሽንግተን ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ3 ኢንች በላይ ዝናብ የዘነበ ዕለት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2021 ደግሞ የአይዳ አውሎ ነፋስ ቅሪት እዚሁ ጎረቤታችን ሮክቪል ከመሬት ዝቅ ያሉ አፓርታማዎችን በሌሊት አጥለቅልቆ የአንድ ወጣት ሕይወት አልፏል። ስለዚህ ውሃው በፍጥነት እየሞላ ከሆነ የዕቃውን ነገር ትታችሁ መጀመሪያ ሰውን ወደ ላይ አውጡ፤ ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ማድረቅ ለእኛ እንግዳ ሙያ አይደለም። በርበሬ አስጥታ የምታውቅ እናት ላዩ የተንኮሻኮሸው በርበሬ ከሥሩ ገና እርጥብ መሆኑን ስለምታውቅ ታገላብጠዋለች። ቋንጣ የሚዘለዘለው ቀጥኖ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይበላሻል። የጭቃ ቤት የሠራም ሰው የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛውን ቢደርብበት ግድግዳው እንደሚሰነጠቅ አይጠፋውም። የአሜሪካ ቤትም ጠባዩ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የማይደርቀው ክፍል ከቀለሙና ከምንጣፉ ጀርባ ተሸሽጎ መቀመጡ ነው። ድራይዎል የምንለው ግድግዳ በሁለት ወረቀት መካከል የተጋገረ ጄሶ ነው። እግሩ ውሃ ሲነካው እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ወደ ላይ ይስባል። ፊት ለፊት ያለው ወረቀት ቀለም ስለተቀባና አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይደርቃል። የኋላው ወረቀት ግን ሙቀት እንዳይወጣ ግድግዳው ውስጥ ከሚሞላው ኢንሱሌሽን ጋር ተጣብቆ፣ ጨለማ ውስጥ፣ አየር ሳያገኝ ይቀራል። ለሻጋታ ደግሞ ወረቀት ምግቡ ነው፤ እርጥበት ካገኘ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ማደግ ይጀምራል።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ የገባሁበትን አንድ ቤት ልንገራችሁ። በሐምሌ ወር የልብስ ማጠቢያው ማሽን ቱቦ ፈንድቶ ውሃው እናታቸው ወደሚተኙበት ቤዝመንት ወረደ። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ውሃውን በፎጣና በባልዲ አወጡ፣ መስኮቶቹን ከፈቱ፣ ሁለት የቤት ማራገቢያ ሌት ተቀን አስነሱ። በአራተኛው ቀን ምንጣፉ በባዶ እግር ሲረገጥ ደረቅ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፍሉ መሽተት ጀመረ፤ እማማም ሽታውን በዕጣን ለማባረር ሞከሩ። እኔ የተጠራሁት በስድስተኛው ሳምንት ነው። በግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈውን ዞኮሎ ስነቅለው የድራይዎሉ ጀርባ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጥቁር ሆኖ ጠበቀኝ። ከግድግዳው ሥር የእማማ ሻንጣ ነበር። ከታች ተጣጥፎ የተቀመጠውን ነጠላ ሲያወጡት ከጥለቱ በላይ እንደ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ ነጠብጣብ ታየ፤ እሳቸውም ነጠላውን ይዘው ዝም ብለው ቆሙ። ሳል ከጀመራቸው ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር።

እነዚያ ልጆች የተሳሳቱት የት ላይ ነው? ማራገቢያ ውሃን ከምንጣፉ አንስቶ ወደ አየሩ ያስገባዋል እንጂ ከቤት አያወጣውም። አየሩ የተሸከመው እርጥበት መውጫ ካላገኘ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአልጋ ሥር ተመልሶ ያርፋል። መስኮት መክፈቱ ደግሞ በዋሽንግተን ሞቃትና እርጥብ በጋ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ያብሳል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ 30 ግራም ያህል የውሃ ተን መያዝ ይችላል፤ በ20 ዲግሪ የሚይዘው ግን 17 ግራም ያህል ብቻ ነው። 70 በመቶ እርጥበት ያለው የውጭ አየር በ30 ዲግሪ ሲገባ 21 ግራም ገደማ ይዞ ይገባል፤ ቤዝመንቱ ውስጥ ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ መሸከም ያቃተውን 4 ግራም ያህል ግድግዳችሁ ላይ ያራግፈዋል። እነዚያ ልጆች አራት ቀን ሙሉ በመስኮት ውሃ ሲያስገቡ ነበር፤ ይህን የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

ሙያው የሚሠራው በሌላ ቅደም ተከተል ነው። የውሃው ምንጭ ይዘጋል፤ የቤታችሁን ዋና የውሃ መዝጊያ ቦታ የማታውቁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ስትገቡ ፈልጉት። ውሃው ሶኬት ወይም የብሬከር ሳጥን አጠገብ ከደረሰ ውሃው ውስጥ ቆሞ ብሬከር መንካት ክልክል ነው፤ መብራቱን የሚያጠፋው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወይም መብራት ኃይሉ ነው። ቀጥሎ ፈሳሹ በኃይለኛ መምጠጫ ማሽን ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይንቀዋል፤ እኔ ግን የሥራው ግማሽ ይኸው ነው እላለሁ። አንድ ሊትር ውሃን ወደ ተን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሙቀት ሰባት ሊትር የቧንቧ ውሃ ከማፍላት ጋር የሚተካከል ስለሆነ፣ በደቂቃዎች በማሽን ሊመጠጥ የሚችለውን ውሃ በአየር አደርቃለሁ ማለት ጊዜንም መብራትንም ማባከን ነው። ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ ይጣላል።

ከዚያ በኋላ ነው ማራገቢያዎቹ የሚደረደሩት፤ አየሩ ግድግዳውንና ወለሉን እየታከከ እንዲሮጥ ዝቅ ብለው፣ ወደ ግድግዳው ሰያፍ ሆነው ይቀመጣሉ። ዲሂዩሚዲፋየር የሚባለው እርጥበት መጣጭ ማሽን አየሩ የተሸከመውን ተን መልሶ ፈሳሽ አድርጎ በቱቦ ወደ ውጭ ያፈሰዋል። መስኮትና በር ይዘጋል። ባለሙያው በየቀኑ እየተመለሰ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት፣ የግድግዳውንና የእንጨቱን የውሃ መጠን ለክቶ ይመዘግባል። የሚያነጻጽረው ውሃ ካልነካው ከዚያው ቤት ሌላ ክፍል ጋር ነው። የላይኛው ፎቅ እንጨት 10 በመቶ ካነበበ የታችኛውም እዚያው አካባቢ እስኪደርስ ማሽኑ አይነሳም። ይህ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ይወስዳል፤ ጠንካራ የእንጨት ወለልና የድሮ ልስን ግድግዳ ግን ከዚያም ይበልጣሉ።

ማሽኑ ይጮኻል፤ ክፍሉ ይሞቃል፤ ቤተሰብ ይማረራል። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራውን በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት አራስ ያለችበት ቤት ገባሁ። ሕፃኑ በማሽኑ ድምፅ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ጥሩ ቁጥር ሲያሳየኝ፣ ከግድግዳው ሥር የተጋደመው እንጨት ገና 19 በመቶ እያነበበ፣ «የቀረው በራሱ ይደርቃል» ብዬ ማሽኖቼን ጭኜ ወጣሁ። እናትየዋ መርቃ ሸኘችኝ። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ግድግዳ በገዛ እጄ አፍርሼ፣ ሕፃኑ ከሚተኛበት አልጋ አንድ እርምጃ ላይ ያበቀልሁትን ሻጋታ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢለምነኝ ቁጥሩ ሳይደርስ ማሽን አንስቼ አላውቅም። ድምፁ ሲያስመርራችሁ ባለሙያውን «አንሳልን» ከማለት ይልቅ እናትንና ሕፃንን ለሦስት ቀን ከዘመድ ቤት አሳርፉ።

ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም። በሙያው መመሪያ የሆነው፣ የፍተሻ፣ የጽዳትና የእድሳት ማረጋገጫ ተቋም የሚያወጣው ኤስ 500 የተባለው ደንብ ውሃን በሦስት ይከፍለዋል። ከመጠጥ ውሃ ቧንቧ የወጣው ንጹሕ ነው፤ ከልብስ ወይም ከዕቃ ማጠቢያ የወጣው ቆሻሻ የያዘ ነው፤ ከፍሳሽ መስመር ተመልሶ የመጣውና ከውጭ የገባው ጎርፍ ደግሞ ጥቁር ውሃ ይባላል። ንጹሑም ቢሆን ቀን ሲቆጠርበት ንጹሕ ሆኖ አይቆይም። ጥቁር ውሃ የነካውን ምንጣፍ፣ ስፖንጅ፣ ፍራሽና ድራይዎል አድርቆ መመለስ የለም፤ ተቆርጦ፣ ታሽጎ ይጣላል፣ የቀረው በመድኃኒት ይጸዳል፣ ከዚያ ይደርቃል። ይህ ሆድ እንደሚያባባ አውቃለሁ፤ ከአገር ቤት የመጣ ምንጣፍ ሲጣል ያለቀሱ እናት አይቻለሁ። ነገር ግን ልጅ የሚድህበት ወለል ላይ የፍሳሽ ውሃ የጠጣ ምንጣፍ አይመለስም። ቤታችሁ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነም ግድግዳ ከመቁረጣችሁ በፊት የእርሳስ ቀለምና የአስቤስቶስ ምርመራ ይደረግለት፤ በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ዕድሜ ያለው ቤት ብዙ ነው።

ስለ ኢንሹራንስ አጥብቄ የምናገረው አለኝ፤ ብዙ ወገን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ድንገት የፈነዳን ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍናል። ከውጭ የገባ ጎርፍን ግን አይሸፍንም። ከፍሳሽ መስመር ውሃ ተመልሶ ሲመጣም የሚከፍለው ተጨማሪ ውል ከገዛችሁ ብቻ ነው። ለወራት ሲንጠባጠብ የቆየን ውሃ ደግሞ «ቸል ብላችኋል» ብሎ ይከለክላል። ለጎርፍ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው ብሔራዊ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም አለ፤ ነገር ግን ከገዛችሁት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ካልሞላው አይሠራም፤ አውሎ ነፋሱ ሲነገር መግዛት የማይጠቅመው ለዚህ ነው። በእሱም ቢሆን ቤዝመንት ውስጥ ላለ ምንጣፍና አልጋ ክፍያ አታገኙም። ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ የባለቤቱ ኢንሹራንስ የእናንተን ዕቃ እንደማይመለከት ዕወቁ። ውሉ ጉዳቱ እንዳይብስ የሚቻላችሁን እንድታደርጉ ያስገድዳችኋል፤ ስለዚህ የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች እስኪመጣ ብላችሁ ውሃውን አታስተኙት። ምንም ከመነካቱ በፊት በስልካችሁ ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፣ ከሚጣለው ምንጣፍ አንድ ቁራጭ አስቀሩ፣ ለኢንሹራንሱ ደውሉ፣ ከዚያ ማውጣቱን ጀምሩ።

ከማዕበል በኋላ በር እያንኳኳ ወረቀት የሚያስፈርም ሰው ይመጣል። ሳታነቡ አትፈርሙ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁ ወይም የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ። አንድን ባለሙያ ለመመዘን እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «የየቀኑን የልኬት መዝገብ ትሰጠኛለህ?» እሺ ካለ፣ ሲጨርስ ተቀበሉት፤ ካንገራገረ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ። ያ መዝገብ ከኢንሹራንሱ ጋር ስትከራከሩ ማስረጃችሁ ነው፤ ቤቱን ስትሸጡም ለገዢው የምታሳዩት ነው።

በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የድራይዎል ቁራጭ አስቀምጫለሁ። ሁለቱም ነጭ ቀለም የተቀቡ ናቸው። አንደኛው ውሃ ነክቶት አያውቅም፤ ሁለተኛውን ረቡዕ ዕለት በባልዲ ውሃ ውስጥ አቁሜ አሳድሬ ለሁለት ቀን በቤት ማራገቢያ ያደረቅሁት ነው። ወጥታችሁ በእጃችሁ ዳብሷቸው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ። ከዚያ መለኪያውን እሰጣችኋለሁ፤ ሁለቱን መርፌዎች ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጋችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። ጥያቄ ያለው ሁሉ እዚያው ይጠይቀኝ፤ መሣሪያዎቼን ሁሉ ይዤ ነው የመጣሁት፣ እስከ ማታም አለሁ።

አመሰግናለሁ።