አናፖሊስ ሩቅ አይደለም

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ከዚህም ወጥታችሁ ወደ ሌሊት ሥራ የምትገቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አክብራችሁ ስለመጣችሁ ፈጣሪ ያክብርልኝ።

የስቴታችን የሜሪላንድ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በዋና ከተማዋ በአናፖሊስ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ሥራውን ይጀምራል። በዓመት የሚሰበሰበው ለ90 ቀን ብቻ ነው። የትምህርት ቤቶቻችን በጀት፣ የሕፃናት ማቆያ ድጎማ፣ የመምህራን ደመወዝ፣ ልዩ ድጋፍ ለሚሹ ልጆች የሚመደበው ገንዘብ፣ ሁሉም በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ይወሰናል። ኤፕሪል ላይ ስብሰባው ሲዘጋ ያላለቀ ጉዳይ ለከርሞ ያድራል። ዛሬ ማታ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ዘንድሮ የልጃችሁን ጉዳይ እዚያ ሄዳችሁ በራሳችሁ አንደበት ተናገሩ።

ለምን እስከ ዛሬ እንዳልሄድን ይገባኛል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልን ነው ያደግነው። ብዙዎቻችን ከመንግሥት ዓይን መራቅ ደኅንነት ከሆነበት ዘመን ነው የመጣነው፤ ወላጆቻችን አንገታችሁን ደፍታችሁ ተማሩ ያሉን ስለሚወዱን ነበር። እዚህ አገር ግን ዝም ያለ ወላጅ ደስ ያለው ወላጅ ተብሎ ይቆጠራል። ችግር እንዳለብን ካልነገርናቸው ችግር የለባቸውም ብለው በጀቱን ወደሚጮኸው ያዞሩታል። ደግሞም «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት እነዚያው አባቶቻችን ናቸው።

አንዲት እናት የነገረችኝን ላካፍላችሁ፤ ስሟንም ትምህርት ቤቱንም አልጠራም። ትንሹ ልጇ መናገር ዘግይቶበት አይኢፒ የሚሉት፣ ለእሱ ብቻ የሚዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ ሊሠራለት ስብሰባ ተጠራች። የሆቴል ሥራ ልብሷን ሳትቀይር ደረሰች። አስተርጓሚ አልነበረም። ሦስተኛ ክፍል የምትማረውን ታላቅ እህቱን ከክፍል ጠርተው አጠገቧ አስቀመጡላት። ባለሙያዋ ረጅም ንግግር አደረገች። ልጅቷ ጥቂት ዝም ብላ እናቷን አየችና፣ «እማዬ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው ይላሉ» አለቻት። በቃ፣ ያ ሁሉ ንግግር እዚህች ላይ አለቀ። ከዚያ የፊርማው ቦታ በቢጫ ወረቀት ምልክት የተደረገበት ወፍራም ሰነድ ቀረበላትና ፈረመች። ልጇ በሳምንት ስንት ደቂቃ የንግግር ሕክምና እንደሚያገኝ የሚናገረው ገጽ እዚያው ውስጥ ነበር። ቁጥሩን ያወቀችው ግን ከወራት በኋላ ነው፤ ያውም ጎረቤት አንብቦላት።

ይቺ እናት መብት ነበራት። በፌዴራል ሕግ ለእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ ወላጅ የሚባለውን እንዲረዳ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። የሜሪላንድ ሕግ ደግሞ ከዚያ አልፎ ሄዷል። በአንድ የትምህርት አስተዳደር ውስጥ ካሉት ተማሪዎች ከ1 በመቶ በላይ የሚናገሩት ቋንቋ ከሆነ፣ ወላጅ ያ ዕቅድ በቋንቋው ተተርጉሞ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል፤ በጠየቀ በ30 ቀን ውስጥም ሊሰጠው ይገባል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለወላጆች ጽሑፍ ከሚያዘጋጅባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የ30 ቀኑን ሕግ ያወጡት የእኛዎቹ ሴናተሮችና ዴሊጌቶች፣ ማለትም የሁለቱ ምክር ቤቶች ተመራጮቻችን ናቸው። ረቂቅ ሆኖ ቀረበ፣ ኮሚቴ ፊት ክርክር ተሰማበት፣ ድምፅ ተሰጠበት። ያ ኮሚቴ ምን ይሰማል ካላችሁ፣ መጥቶ የተናገረውን ሰው ነው የሚሰማው። እኛ ያልነገርነውን ከየት ያመጡታል?

ዘንድሮ እኔን የሚያንገበግበኝ የሕፃናት ማቆያው ነገር ነው። ስቴቱ ቻይልድ ኬር ስኮላርሺፕ ብሎ ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሰጠው ድጎማ አለ። ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ከተወሰኑ ቤተሰቦች በቀር፣ ለአዲስ አመልካች በሩ ተዘግቶ ስም በተጠባባቂ ዝርዝር መያዝ ተጀመረ። ይህ እኛን በሁለት በኩል ነው የሚጎዳን። ድጎማውን ያጣችው እናት ልጇን ለማን ትታ ሥራ ትግባ? በየቤታቸው ዴይኬር ከፍተው ልጅ የሚያሳድጉልን እህቶቻችን ደግሞ ልጆች ሲቀሩባቸው የቤት ኪራዩን በምን ይክፈሉ? ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ዓይኗን ሳትከድን ልጅ ስትጠብቅ የምትውል እናት እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች። ገንዘብ የለም የሚለውን መልስ ሰምቻለሁ፤ በጀቱ መጥበቡም እውነት ነው። ሲጠብ ግን ከማን ላይ እንደሚቀነስ የሚመርጥ ሰው አለ፣ ያም ሰው በድምፅ የተመረጠ ነው።

ሕግ አንዴ ወጣ ማለት አለቀለት ማለትም አይደለም። ብሉፕሪንት የሚባለውን ትልቁን የትምህርት ሕግ አስታውሱ። በ2020 ምክር ቤቱ አጸደቀው፣ የያኔው አገረ ገዥ ላሪ ሆጋን ውድቅ አደረጉት፣ በፌብሩዋሪ 2021 ምክር ቤቱ የእሳቸውን ውሳኔ ሽሮ ሕግ አደረገው። የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች የቅድመ መደበኛ ትምህርት እንዲሰፋ፣ የመምህር መነሻ ደመወዝ 60,000 ዶላር እንዲደርስ የተወሰነው በዚህ ሕግ ነው። በ2025 በጀት ሲጠብ እንደገና ተከፈተ፣ አንዳንዱ ክፍል ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። እንዲህ ያለ ሕግ በየዓመቱ ጠባቂ ይፈልጋል።

«እኔ ዜጋ አይደለሁም፣ ድምፅ መስጠት አልችልም፣ ማን ይሰማኛል?» የሚል ሰው አለ። በ1897 በዋሽንግተን ተሰብስበው ዛሬ ፒቲኤ የምንለውን የወላጆችና የመምህራን ማኅበር የመሠረቱት እናቶች፣ አሊስ በርኒና ፊቢ ሐርስት ከብዙዎች ጋር፣ አብዛኞቹ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም። ሴቶች በመላ አገሪቱ ይህን መብት በሕገ መንግሥት ያገኙት በ1920 ነው። ቢሆንም ስለ መዋዕለ ሕፃናት፣ ስለ ልጆች የጉልበት ሥራ ሕግ አውጪዎችን ከመወትወት አላረፉም። በዘር በተከፋፈሉት ትምህርት ቤቶች የነበሩ ጥቁር ወላጆችም በ1926 በሰሊና ስሎን በትለር መሪነት የራሳቸውን አገር አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሁለቱ ማኅበራት የተዋሃዱት በ1970 ነው። እዚሁ አጠገባችን ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ ድምፅ መስጠት ከጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። አናፖሊስ ኮሚቴ ፊት ለመናገር ደግሞ የዜግነት ወረቀት የሚጠይቃችሁ የለም።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። እዚያ የሚነገረው በቪዲዮ ይተላለፋል፣ በጽሑፍ የሚገባውም ከነስማችሁ ለሕዝብ ይቀመጣል። የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ያላለቀ ሰው መጀመሪያ ጠበቃውን ያማክር። ታሪኩን ስም ሳይጠራ ሌላው ሊናገርለት ይችላል። ማንንም ጎትቼ አደጋ ላይ አልጥልም።

አካሄዱ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ዲስትሪክት፣ ማለትም የምርጫ ክልል፣ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሊጌቶች አሉት። ቢሮአቸው ስትደውሉ ረዳታቸው አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ የት እንደምትኖሩ ነው፤ የአካባቢያቸው ሰው መሆናችሁን ሲያውቁ ያዳምጧችኋል። ኮሚቴ ፊት የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ «ትምህርት የአገር መሠረት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እሱን ያውቁታል። የረቂቁን ቁጥር ጥሩ፣ ደግፉልን ወይም ተቃወሙልን በሉ፣ ከዚያ እነሱ የማያውቁትን ንገሯቸው። ልጄ አራት ዓመቱ ነው፣ ለዴይኬር በወር ይህን ያህል እከፍላለሁ፣ ደመወዜ ይህን ያህል ነው፣ ስሜ ዝርዝር ላይ ከተያዘ ይህን ያህል ወር ሆነ። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም አትፈሩ። በአማርኛ ካልሆነ የማይሆንላችሁ፣ አብሮ ሄዶ የሚያስተረጉም ወጣት አለን፤ ልጆቻችሁን ግን አናስተረጉምም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ አናፖሊስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ከምክር ቤቱ ፊት ለፊት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የነበሩት የተርጉድ ማርሻል ሐውልት ቆሟል። እኚህ ሰው በ1930ዎቹ፣ ገና ወጣት ጠበቃ ሳሉ፣ ዊልያም ጊብስ የተባለ የሮክቪል ጥቁር ርዕሰ መምህር ወክለው በዚሁ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የጥቁር መምህራን ደመወዝ ከነጮቹ እኩል እንዲሆን ተከራክረው ያስደረጉ ናቸው። ልጆቻችን ዛሬ በሚማሩበት ካውንቲ አንድ መምህር ተነስቶ አቤት ስላለ የሆነ ነው።

ከበሩ አጠገብ ሦስት ጠረጴዛ አለ። አንደኛው ዲስትሪክታችሁን ለማታውቁ፣ ሁለተኛው ከእኛ ጋር አናፖሊስ ለምትሄዱ ነው። ሦስተኛው ላይ በአማርኛ የምትነግሩንን በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ልጆች ተቀምጠዋል። በሕፃናት ማቆያው ድጎማ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ስማችሁ የተያዘ፣ የአይኢፒ ስብሰባ የሚጠብቃችሁ ወላጆች፣ ከመውጣታችሁ በፊት መጀመሪያ ወደዚያ ሂዱ። ለሥራ የምትቸኩሉትን እናስቀድማለን።