ደብተሩን ክደኑት፦ ወደ ሳይንስ ሙያ ስለሚወስደው ጥናት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስልኩ ዛሬም አላረፈም። የአብዛኞቻችሁ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ የሳይንስ ሰው ለመሆን ጥናቴን እንዴት ላቅድ? ሰዓቱ የፈቀደውን ያህል መልሻለሁ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሳይንቲስት መሆን እፈልጋለሁ። ዕቅድ አውጣ ይሉኛል፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን ግራ ገባኝ።

ጎበዝ፣ ደግ ጠየቅህ። «ሳይንቲስት እሆናለሁ» ጥሩ ምኞት ነው። ነገ ጠዋት ተነስተህ ምን እንደምትሠራ ግን አይነግርህም። ዕቅድ የሚሆነው የምትችለውን ነገርና ቀኑን ስትጽፍበት ነው። ለምሳሌ፦ «እስከ እሑድ ስለ ተወርዋሪ አካል እንቅስቃሴ 10 ጥያቄ ደብተር ሳላይ እፈታለሁ።» እሑድ ማታ ወይ ፈትተሃል፣ ወይ አልፈታህም። «ፊዚክስ ምዕራፍ 3 አነባለሁ» ካልክ ግን ሳይገባህም አንብበህ ትጨርሰዋለህ።

ሩቁን ደግሞ ከመጨረሻው ጀምረህ ወደ ዛሬ ቁጠረው። ልትገባበት የምታስበውን የትምህርት ክፍል የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶች ፈልግ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጻቸው ላይ ያወጡታል። እያንዳንዱ ኮርስ ቀድሞ ምን እንደሚፈልግ እይ። ፊዚክሱ ካልኩለስ ይፈልጋል። ካልኩለሱ አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ ይፈልጋል። እንዲህ እያልክ ዛሬ በእርግጠኝነት የምትችለው ነገር ላይ እስክትደርስ ውረድ። ጥናትህ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የ8ኛ ክፍል ትምህርት ላይ ብትደርስም አትፈር።

በቀን ስንት ሰዓት ላጥና?

ሰዓቱን ተዪውና ደብተር ከድነሽ የሠራሽውን ጥያቄ ቁጠሪ።

ሒሳብ ስለማልወድ ባዮሎጂ መረጥኩ። ያዋጣል?

በዚህ ምክንያት ከሆነ አያዋጣም፣ እህቴ። የዘር ውርስን ያጠናውን ሜንዴልን አስታውሺ። ከእሱ በፊትም ተክል የሚያዳቅሉ ሰዎች ነበሩ። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ 5,474 ክብና 1,850 የተጨማደዱ የአተር ፍሬዎችን መዝግቧል። ሦስት ለአንድ ገደማ ነው። የዘር ውርስ ሕግ የወጣው ከእንዲህ ያለ ቆጠራ ነው። የዛሬው ባዮሎጂማ ያለ ስታቲስቲክስ አይነቃነቅም።

ሒሳብ ጠላሁ የሚሉኝን ተማሪዎች ወደ ኋላ እየጠየቅኩ ስወርድ፣ ብዙ ጊዜ የማገኘው አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ክር ነው። ክፍልፋይ ወይም እኩልዮሽ ላይ። ያንን ቦታ ፈልጊው። ባዶ ወረቀት ይዘሽ ከዚያ ቀጥዪ።

የማጠናው ቪዲዮ እያየሁ ነው። መምህሩ ሲፈታው ሁሉም ይገባኛል። ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን ድርግም ይልብኛል። ጭንቅላቴ ይሆን?

ጭንቅላትህ ምንም አልሆነም። ግን ይህቺን ጥያቄ በየሳምንቱ ነው የምሰማት። ስለዚህ እባካችሁ፣ ሌሎቻችሁም ጆሯችሁን ስጡኝ።

አንዲት ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጥታ ነበር። በሦስት ቀለም የተጻፈ፣ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ዓይን የሚይዝ ደብተር። ገጽ በገጽ ገለጥኩት። ከዳር እስከ ዳር አንድም የተሰረዘ ነገር የለም። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ከመሐል አንዱን ጥያቄ መርጬ በባዶ ወረቀት ሰጠኋት። «የተሰጠ» ብላ ጻፈች። ቁጥሮቹን ደረደረች። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ። መፍትሔው እኮ በገዛ እጇ የተጻፈ ነበር! ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ሌሊት ሌሊት ስትገለብጥ የኖረች ልጅ ናት።

ሰው ሲፈታ ማየትና መፍታት ሁለት ነገር ነው። ስታይ፣ ቀጣዩን እርምጃ የሚመርጥልህ መምህሩ ነው። የሚከብደው ደግሞ ያ ምርጫ ነው። ፈተና ላይ የምትጠየቀውም እሱን ነው።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንን በሙከራ አሳይተዋል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ሁለቴ አነበበ። ሌላው አንዴ አንብቦ፣ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ያነበቡት 42 በመቶ አስታወሱ፣ የጻፉት 56። አየህ፣ ያታለለህ ያ የመጀመሪያው 5 ደቂቃ ነው። ቪዲዮው እንዳለቀ «ገባኝ» ትላለህ። እውነትህን ነው፣ ገብቶሃል። ግን ሳምንት አይቆይም።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ቪዲዮውን ከመክፈትህ በፊት ጥያቄውን ራስህ 20 ደቂቃ ታገለው። ካቃተህ መፍትሔውን አንድ መስመር ብቻ እይና ክደነው። ቀጥል። ጨርሰህ ስታበቃ ሌላ ባዶ ወረቀት አውጣና ከመጀመሪያው ሥራው። ከሦስት ቀን በኋላ ድገመው። ከሳምንት በኋላ አሁንም። የሳትከውን በላጲስ አታጥፋ፤ በአንድ መስመር ሰርዘህ «እዚህ ጋ የሳትኩት በዚህ ምክንያት ነው» ብለህ አጠገቡ ጻፍ።

ይህን ያህል የምነዘንዛችሁ ለፈተናው ብዬ ብቻ አይደለም። ተመራማሪ ስትሆኑ የሚቀርብላችሁ ጥያቄ መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ የለም። መቸገርን፣ መሳሳትን፣ እንደገና መጀመርን ካሁኑ ካልለመዳችሁት ያኔ በጣም ይከብዳችኋል።

ከኦንላይን ኮርሶች 14 ሰርተፍኬት አለኝ። ቀጥሎ የትኛውን ልውሰድ?

ምንም አትውሰድ። የመጀመሪያውን ኮርስ የመጨረሻ ፈተና ዛሬ ማታ ሳታጠና ተፈተነው፤ የት እንደምትጀምር እሱ ይነግርሃል።

ዕድሜዬ 34 ነው። ሥራና ልጆች አሉኝ። ኬሚስትሪ መማር ሕልሜ ነበር። አልፎብኛል?

አላለፈብሽም፣ እህቴ። ታዋቂዋ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሊቅ ማሪ ኩሪ በነበረችበት ዋርሶ ዩኒቨርሲቲው ሴት አይቀበልም ነበር። እህቷን ፓሪስ ለማስተማር ለዓመታት በሰው ቤት ተቀጥራ ልጆች አስተማረች። ማታ ማታ ለብቻዋ ታጠና ነበር። ፓሪስ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። በ1893 በፊዚክስ አንደኛ ወጥታ ተመረቀች።

ላንቺ የምለው፣ በየቀኑ ማንም የማይነካብሽ 45 ደቂቃ ያዢ። ቅዳሜ ላይ 6 ሰዓት ከማከማቸት ይሻላል፤ ተራርቆ የተጠና ነገር ይቆያል። ኬሚስትሪ ግን የእጅ ሙያም ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው ፕሮግራም ቤተ ሙከራ ውስጥ አያስቀጥርሽም። ቤት ውስጥም ኬሚካል እንዳትቀላቅዪ፣ አደራ። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ ሬጅስትራር ሄደሽ የድሮው ማስረጃሽ ይያዝልሽ እንደሆነ ጠይቂ።

ልጄ ሕክምና ትማርልኝ ብዬ ነበር። እሷ ፊዚክስ አለች። ምን ላድርግ?

ፊዚክስ ይፍቀዱላት። እርስዎን የሚያስጨንቅዎ የሥራ ጉዳይ ከሆነ፣ ሁለታችሁም አንድ ላይ የትምህርት ቤቷን አማካሪ አነጋግሩ። እርስዎ ብቻዎን አይሂዱ።

ሌሊቱን ሙሉ እንዳጠና ጓደኛዬ እንቅልፍ የሚከለክል ክኒን ይሰጠኛል። አሁን ያለሱ ማጥናት አቃተኝ። ልቤም ይመታል።

ልጄ፣ ስለ ጥናት ዕቅድ በኋላ እናወራለን። በአንተ ዕድሜ የሚመከረው እንቅልፍ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ቀን ያጠናኸው በአእምሮህ የሚደላደለው ስትተኛ ነው። ክኒኑ ግን ከኔ ሙያ ውጭ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ። ክኒኑን ከነማሸጊያው ያዝ። ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ስንት እንደምትወስድ ሳትደብቅ ንገረው። ለብቻህ መሄድ ከከበደህ ለእናትህ ወይም ለአባትህ አሁን ንገራቸው፤ ስልኩን እንደዘጋህ።