ለጽዋ ስል የዘለልኩት ኪኒን

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው ከጣና ዳር ብዙም ከማይርቀው ቤቴ፣ በማለዳ ነው፤ የወፎች ድምፅ ጣልቃ ቢገባባችሁ መስኮቱን መዝጋት ስላልፈለግሁ ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ የማወራው ከሁለት ዓመት በላይ ከሰው ደብቄ ስለኖርኩት ጉዳይ፣ የድባቴ መድኃኒት እየወሰዱ አልኮል ስለመጠጣት ነው።

የታዘዘልኝ መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን ነበር። ሐኪሙ በ25 ሚሊግራም አስጀመረኝ፣ ማታ ከመኝታ በፊት እንድወስደው ነገረኝ፣ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት እንደሚፈጅም አስረዳኝ። የመጠጥን ነገር ግን እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አላነሣሁ። ሰካራም አይደለሁማ! በዓል ሲሆን፣ በወሩ በ23 ደግሞ የጊዮርጊስ ማኅበራችን ሲደርስ ከምጠጣው ጠላና አንዳንዴ ከምታስከትለው አንዲት መለኪያ አረቄ በቀር መጠጥ የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም ነበር።

ማኅበር ያለው ሰው እንደሚያውቀው ጠላን እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። ጽዋው ተባርኮ ከዞረ በኋላ ባለ ተራዋ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ከፊታችሁ ትቆማለች፤ ዋንጫው ጎደል ባለ ቁጥር ትሞላዋለች፤ «በቃኝ» ስትሉ «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» ትላለች። በሞቷ ከለመነቻችሁ በኋላ ምን ትመልሳላችሁ? ኪኒን ጀምሬአለሁ ማለት ይቻላል፤ የጨጓራ ከሆነ ማንም አይገረምም። እኔን ያስፈራኝ ግን «የምን ኪኒን?» የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ነበር።

በአንደኛው 23 ሦስት ዋንጫ ጠላና አንድ መለኪያ አረቄ ጠጥቼ ገባሁና እንደ ልማዴ ኪኒኔን ውጬ ተኛሁ። ሌሊት ሽንቴ መጥቶ ከአልጋዬ ብድግ ስል ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የወለሉን ቅዝቃዜና ከቅንድቤ የሚወርደውን ደም ብቻ ነው፤ የበሩ መቃን ላይ ወድቄ ኖሯል። ለሥራ ባልደረቦቼ ከሞተር ወደቅሁ አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ጠዋት ገና ፈዝዤ ሳለሁ ሞተር እየነዳሁ የዓባይን ድልድይ መሻገሬ ከውድቀቱ ይልቅ ዛሬም ያስደነግጠኛል። አሚትሪፕቲሊን በራሱ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ ከተኙበት ሲነሡም የደም ግፊትን በድንገት ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ አልኮልም ሁለቱንም ያደርጋል፤ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ያባብሳል። መድኃኒቱ ከመጠን አልፎ ሲወሰድ የልብ ምትን የሚያዛባ መሆኑ፣ መጠጥ ደግሞ የሰውን ማመዛዘን የሚያላላ መሆኑ ሲታሰብ፣ ተስፋ በቆረጠ ሰው እጅ ሁለቱ አብረው መገኘታቸው እጅግ አስጊ ነው።

ከዚያ ሌሊት የወሰድኩት ትምህርት የተሳሳተ ነበር። መጠጡን ሳይሆን ኪኒኑን መዝለል ጀመርኩ፤ የማኅበሩ ዕለት አልወስድም፣ የማግስቱንም ለጥንቃቄ እተዋለሁ። በዓላት ሲጨመሩበት የዘለልኳቸው ቀናት በረከቱ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ልጆቼ ላይ መቆጣት አበዛሁ፣ «መድኃኒቱ አይሠራም» ብዬም ደመደምኩ። ጥፋቱን ያገኘችው መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ ወጣት ፋርማሲስት ናት። የቀረውን ኪኒን ቆጥራ «የዘለሏቸው ቀናት አሉ?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰው ስለተሰለፈ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት፤ እሷም ዝቅ አድርጋ መለሰችልኝ፤ ለዚህ ውለታዋ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። አንድ ቀን መዝለል መድኃኒቱን ከደም አያጠራውም፤ በየጊዜው እየቆረጡ መቀጠል ግን ማዞርን፣ ማቅለሽለሽንና እንቅልፍ ማጣትን ያመጣል፣ ሕመሙም ተመልሶ ይጎለብታል። አልኮልም ማታ የሰጠውን መረጋጋት በማግስቱ ይነጥቃል፤ ቶሎ ያስተኛና የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል። መድኃኒቱ በሳምንታት የሚገነባውን እኔ በየወሩ አፈርሰው ነበር ማለት ነው።

በኋላ ሐኪሙ ወደ ፍሉዎክሴቲን 20 ሚሊግራም አዛወረኝ። ፍሉዎክሴቲንና ሌላው የድባቴ መድኃኒት ሰርትራሊን እንደ አሚትሪፕቲሊን አያፈዙም፤ ስለዚህ «ከእነዚህ ጋር መጠጣት ይቻላል» የሚል ወሬ ይሰማል። ፍሉዎክሴቲን ግን ከሰውነት ተጠርጎ ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅበት የመዝለል ብልሃት ጭራሽ አይሠራበትም። ከዚህም በላይ እነዚህ መድኃኒቶች የሆድ ውስጥ ደም መፍሰስን ዕድል ከፍ ያደርጋሉ፤ ጠጥቶ ያደረ ሰው ጠዋት ለራስ ምታቱ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ሲጨምርበት አደጋው ይብሳል። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ አድማጭ ካለ ደግሞ መጠጡን በአንድ ጊዜ እንዳያቆም እለምናለሁ፤ መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል ከሐኪም ጋር ሆኖ ነው የሚቆመው።

እኔ ባለፈው የማኅበር ቀን አስቀድሜ ወደ ማኅበሩ መሪ፣ ወደ ሙሴያችን ሄድኩ። ስለ ድባቴው አልነገርኳቸውም፤ «አባቴ፣ ከመጠጥ ጋር የማይሄድ መድኃኒት ላይ ነኝ» ብቻ አልኳቸው። «ታዲያ ጽዋው በጠላ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?» ብለው ለባለ ተራዋ ላኩባት፤ ቀሪቦ ቀረበልኝ። የምን ኪኒን እንደሆነ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ቀሪቦም ቢሆን ከከረመ ይቦካል፤ ስለዚህ ዋንጫውን ከማንሣቴ በፊት መቼ እንደተጠመቀ ባለ ተራዋን እጠይቃታለሁ፤ እሷም ሳቅ ብላ «የትናንት ነው፣ ጠጣ» ትለኛለች።